የሻርል ሪሼ የሕይወት ታሪክ (1850–1935)

የሰው ልጅ ስለ ምግብ ሲያስብ መጀመሪያ የሚያሳስበው ማጣቱ ነው። በእኛ በሐርተሼክ ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ከተማችን ከ1988 እስከ 2004 ድረስ ከሶማሊያ በጦርነት ምክንያት የተሰደደ እጅግ ብዙ ሕዝብ የተጠለለባት ስለ ነበረች፣ እህል በሰልፍ የሚታደልበትን፣ ውሃም በቦቴ መኪና የሚመጣበትን ዘመን ወላጆቻችን በዓይናቸው አይተዋል። ነገር ግን ምግብ በማጣት ብቻ ሳይሆን ምግብ በማግኘትም የሚጨነቅ ሰው አለ። ጓደኞቹ በልተው የሚጠግቡበት ገበታ ለእርሱ ወጥመድ ይሆንበታል፤ አንድ ማንኪያ ወተት ወይም ጥቂት የሰሊጥ ዘይት ጉሮሮውን ዘግቶ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድለው ይችላል። ይህን በሽታ ሐኪሞች የምግብ አለርጂ ይሉታል። በሽታው በድንገት ተነሥቶ መላውን ሰውነት ሲይዝ ደግሞ አናፊላክሲስ ይባላል።

አናፊላክሲስ የሚለውን ስም ያወጣው፣ ነገሩንም መርምሮ ለዓለም ያስረዳው ፈረንሳዊው ሊቅ ሻርል ሪሼ ነው። የእርሱን ታሪክ ለመጽሔታችን ለማቅረብ የመረጥሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ሥራው ዛሬ በመካከላችን ያሉ ልጆችን ሕይወት የሚነካ ስለ ሆነ ነው። ሁለተኛው፣ የዚህ ሰው ሕይወት የሚያስመሰግንም የሚያሳዝንም ነገር ስላለበት፣ የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ እንዴት ማንበብ እንደሚገባን ስለሚያስተምር ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እለምናለሁ።

ሻርል ሪሼ በኦገስት 1850 በፓሪስ ከተማ ተወለደ። አባቱ አልፍሬድ ሪሼ በፓሪስ የሕክምና ፋኩልቲ የቀዶ ሕክምና መምህር ነበር። ልጁ በአባቱ ፈለግ ሄዶ ሕክምና ተማረ፤ ሆኖም ልቡ ወደ ሥነ ጽሑፍም እጅግ ያዘነብል ነበር። ኋላም ሻርል ኤፌር በሚል የብዕር ስም ልብ ወለድ ታሪክና ተውኔት ጽፎአል። ይህ የሁለት ልብ ነገር እስከ ዕድሜው መጨረሻ አልተለየውም። አንድ ሥራ ይዞ ሌላውን መተው የማይሆንለት፣ ያየውን ሁሉ ለማወቅ የሚጓጓ ሰው ነበር።

ሪሼ ከሕክምና ሁሉ የመረጠው ፊዚዮሎጂ የተባለውን ትምህርት ነው። ይኸውም ሕይወት ያለው አካል እንዴት እንደሚሠራ፣ ሆድ እንዴት እንደሚፈጭ፣ ልብ እንዴት እንደሚመታ የሚመረምር ነው። ስለ ጨጓራ አሲድ ያደረገው ጥናት በመጀመሪያ ስሙን አስጠራለት። በ1878 የሳይንስ ዶክተር ሆነ፤ በ1887 ደግሞ በፓሪስ የሕክምና ፋኩልቲ የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰርነት ማዕርግ አገኘ። በዚህ ጊዜ ካጠናቸው ነገሮች አንዱ ለእኛ ለቆላና ለደረቅ አገር ሰዎች ቅርብ ነው። ውሻ እንደ ሰው በቆዳው ላብ አውጥቶ ለመቀዝቀዝ ስለማይችል፣ ምላሱን አውጥቶ በፍጥነት በመተንፈስ የሰውነቱን ሙቀት እንደሚያበርድ ሪሼ አስረዳ። በቀትር ፀሐይ በጥላ ሥር ምላሱን አውጥቶ የሚያለከልከውን ውሻ ያየ ሰው ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል፤ ምክንያቱን የመረመረ ግን ጥቂት ነው።

በዚያ ዘመን የሐኪሞችን ሁሉ ልብ የያዘው የሉዊ ፓስተር ሥራ ነበር። ኤድዋርድ ጄነር በ1796 የፈንጣጣን ክትባት ጀምሮ ነበር። ፓስተር ደግሞ በ1885 ያበደ ውሻ የነከሰውን ልጅ በክትባት ስላዳነ፣ አካል በሽታን አስቀድሞ ከቀመሰው ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ይቋቋመዋል የሚለው ሐሳብ እንደ ሕግ ተቈጠረ። ሪሼም ከጓደኛው ከዡል ኤሪኩር ጋር ሆኖ በ1888 አንድ ትልቅ ነገር አሳየ። በሽታን ከተቋቋመ ውሻ የተወሰደ ደም ለጥንቸል ቢሰጥ ጥንቸሉም በሽታውን እንዲቋቋም ይረዳዋል። እንግዲህ መከላከያ የሚባለው ነገር በደም ውስጥ የሚገኝ ነው ማለት ነው። ሪሼ ይህን ከሚያምኑት አንዱ ስለ ነበረ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ከማንም ይልቅ እርሱን ሊያስደንቀው ይገባ ነበር።

በ1901 በጋ የሞናኮው ልዑል አልበርት 1ኛ ሪሼንና ፖል ፖርቲዬ የተባለውን ወጣት ሊቅ በመርከቡ ላይ ጋበዛቸው። ልዑሉ ባሕርን መመርመር የሚወድ ሰው ነበር፤ ኋላ በ1910 የተከፈተውን የሞናኮን የባሕር ሙዚየም ያቆመው እርሱ ነው። መርከቡ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሲጓዝ፣ ፊዛልያ የተባለውን የባሕር እንስሳ መርዝ እንዲመረምሩ ልዑሉ አሳሰባቸው። ፊዛልያ እንደ አረፋ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ፣ ወደ ታችም ረጃጅም ክሮች የሚዘረጋ ፍጥረት ነው። ክሮቹን የነካ ዋናተኛ ወይም መርከበኛ በጅራፍ የተገረፈ ያህል ይቃጠላል። ሁለቱ ሊቃውንት በመርከቡ ላይ የነበረውን ትንሽ ላቦራቶሪ ተጠቅመው የክሮቹን መርዝ አወጡ፤ ኀይሉንም በእንስሳት ላይ ፈተኑት።

ወደ ፈረንሳይ ከተመለሱ በኋላ ፊዛልያን ማግኘት አልቻሉም። ስለዚህ አክቲንያ የሚባለውን፣ በባሕር ዳር ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖረውንና አበባ የሚመስለውን እንስሳ ወስደው የእርሱን መርዝ በውሾች ላይ መሞከር ጀመሩ። ሐሳባቸው ግልጽ ነበር። መርዙ ስንት ሲሆን እንደሚገድል ማወቅ፣ ጥቂቱን የቀመሱትም ውሾች እንደ ተከተበ ሰው መርዙን የሚለምዱ መሆናቸውን ማየት ነበር። አንዳንዶቹ ውሾች ብዙ ስለ ተሰጣቸው ከጥቂት ቀን በኋላ ሞቱ፤ ሌሎቹ ጥቂት ስለ ተሰጣቸው ተርፈው ፈጽመው ዳኑ።

ከዳኑት መካከል ኔፕቱን የሚባል ጠንካራና ጤነኛ ውሻ ነበር። የመጀመሪያው መርፌ ምንም አላደረገውም። ከ22 ቀን በኋላ ያንኑ ያህል መርዝ ሁለተኛ ጊዜ ወጉት። ሪሼና ፖርቲዬ ውሻው ከመጀመሪያው ይልቅ በርትቶ ይቆማል ብለው ሲጠብቁ፣ ጥቂት ሰኮንዶች ብቻ እንዳለፉ ትንፋሹ ታፈነ፤ መራመድ አቃተው፤ በጎኑ ወደቀ፤ ተቅማጥና ደም የተቀላቀለበት ትውከት ያዘው፤ በ25 ደቂቃ ውስጥም ሞተ። ይህ የሆነው በ1902 መጀመሪያ ነው።

እዚህ ላይ ነው የሪሼ ታላቅነት የሚታየው። ሌላ ሰው ቢሆን መርዙ ሳይበዛ አልቀረም፣ ወይም ውሻው ስውር ሕመም ነበረበት ብሎ ነገሩን ሊያልፈው ይችል ነበር። ሪሼ ግን የጠበቀውን ሳይሆን ያየውን ያዘ። ሙከራውን በሌሎች ውሾች ደጋግሞ ሲያደርገው ያው ሆነ። ከዚህም ሦስት ነገሮችን ተረዳ። መጀመሪያ፣ አንድ ጊዜ መርዙን የቀመሰ አካል በሁለተኛው ጊዜ ከፊተኛው ይልቅ ደካማ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ የሚታየው ሕመም የመርዙ የራሱ ሕመም አይደለም፤ ፈጣንና ልዩ ዐይነት ነው። ሦስተኛ፣ በሁለቱ መርፌዎች መካከል ሦስት ሳምንት ያህል ማለፍ አለበት፤ በጥቂት ቀናት ልዩነት ቢሰጥ ይህ አይሆንም። ስለዚህ በመካከሉ ባለው ጊዜ አካል አንድ ነገር እያዘጋጀ ነው ማለት ነው።

ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1902 ሪሼና ፖርቲዬ ነገሩን በፓሪስ ለባዮሎጂ ማኅበር አሳወቁ። በግሪክ ቋንቋ ፊላክሲስ ማለት ጥበቃ ነው። ሪሼ የጥበቃ ተቃራኒ የሆነውን ይህን ነገር አናፊላክሲስ ብሎ ሰየመው። ቃሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዓለም ሐኪሞች ሁሉ አፍ ገባ።

ሌሎች ሊቃውንትም ተከታትለው ተነሡ። በ1903 ሞሪስ አርቱስ መርዝ ያልሆነ ነገር፣ ማለት የፈረስ ደም ውሃ፣ በጥንቸሎች ላይ ደጋግሞ ቢሰጥ ተመሳሳይ አደጋ እንደሚያመጣ አሳየ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም አደጋው የሚመጣው ከነገሩ ክፋት ሳይሆን ከአካሉ ምላሽ መሆኑን ስለ ገለጸ ነው። በ1906 የኦስትሪያው የሕፃናት ሐኪም ክሌመንስ ፎን ፒርኬ የአካል ምላሽ የሚለወጥበትን ነገር ሁሉ አለርጂ ብሎ ጠራው። በ1908 አልፍሬድ ስኮፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እንቍላል በቀመሰ ቍጥር ለሞት የሚያደርስ ሕመም የሚይዘውን የ13 ዓመት ልጅ፣ እጅግ ጥቂት እንቍላል በመድኀኒት መልክ እየሰጠና ቀስ በቀስ እየጨመረ እንዲለምደው ማድረጉን ጻፈ። ሪሼ ራሱም በ1911 ነገሩ በመርፌ ብቻ ሳይሆን በአፍ በምግብ መንገድም ሊመጣ እንደሚችል የሚያሳይ ጥናት አሳተመ።

ከሁሉም ይልቅ ነገሩን ያስረዳው በ1921 በጀርመን የተደረገው ፈተና ነው። ሄንዝ ኩስትነር የተባለው ሐኪም የተቀቀለ ዓሣ ሲበላ ይታመም ነበር። ጓደኛው ካርል ፕራውስኒትስ ግን ዓሣ ቢበላ ምንም አይሆንም። ፕራውስኒትስ የጓደኛውን ደም ውሃ ወስዶ በገዛ ቆዳው ውስጥ ወጋው፤ በማግሥቱ በዚያው ቦታ ላይ ጥቂት የዓሣ ውሃ ቢያስገባ ቆዳው ወዲያው ቀልቶ አበጠ። ስለዚህ የበሽታው ምክንያት የሰው ጠባይ ወይም ፍርሃት ሳይሆን በደም ውስጥ የሚገኝ፣ ከአንድ ሰው ወደ ሌላው ሊተላለፍ የሚችል ነገር መሆኑ ታወቀ።

በ1913 ሻርል ሪሼ ስለዚህ ሥራው የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ሽልማቱ የተሰጠው ለእርሱ ብቻ ነው፤ በመርከቡም በላቦራቶሪውም አብሮት የደከመው ፖርቲዬ አልተካፈለም። ፖርቲዬ እስከ 1962 ኖሮ በባሕር ፍጥረታት ጥናት የታወቀ ሆኖ አልፎአል። በ1953 ሞናኮ የግኝቱን 50ኛ ዓመት ለማሰብ ባወጣችው ቴምብር ላይ የሁለቱም መልክ ይታያል። ታሪክ አንዳንድ ጊዜ የዘገየውን ዋጋ እንዲህ በትንሽ ወረቀት ይከፍላል።

የሪሼ ሐሳብ በሕክምና ብቻ አልተወሰነም። የሰው ልጅ ገና መብረር ባልቻለበት ዘመን፣ በ1890ዎቹ፣ ከቪክቶር ታታን ጋር ሆኖ በእንፋሎት የሚሠራ ሰው የሌለበት አውሮፕላን ሠርቶ ሞክሮአል። በ1907 ደግሞ ከብሬጌ ወንድማማቾች ጋር ሆኖ የዛሬውን ሄሊኮፕተር የሚመስል መኪና በማሠራት ረድቶአል። ያ መኪና ሰው ይዞ ከመሬት ጥቂት ብድግ ብሎ ነበር፤ እንዳይገለበጥ ግን ሰዎች በአራት ማዕዘን ቆመው ይይዙት ነበር። ከዚህም ሌላ ሪሼ ጦርነትን የሚጠላ ሰው ነበር። መንግሥታት ጠባቸውን በሽምግልና እንዲጨርሱ የሚጥረውን የፈረንሳይ ማኅበር መርቶአል፤ ስለ ሰላምም ብዙ ጽፎአል።

ይሁን እንጂ ስለ አንድ ሰው እውነቱን መናገር ከጀመርን እስከ መጨረሻው መናገር አለብን። በላቦራቶሪው ያየውን ብቻ ያምን የነበረው ሪሼ፣ ከላቦራቶሪ ሲወጣ በቀላሉ የሚታለል ነበር። ከሙታን መናፍስት ጋር እንነጋገራለን የሚሉ ሰዎችን በጨለማ ክፍል ተቀምጦ ይመለከት ነበር። ከሰውነታቸው ወጣ የተባለውንም ነገር ኤክቶፕላዝም ብሎ ስም አወጣለት። ከነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ኋላ በማታለል ተይዘዋል።

ይህስ ቢሆን የግል ስሕተት ነው። የሚከፋው ሌላው ነው። ሪሼ በ1919 ስለ ሰው ዘር መምረጥ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጥቁር ሕዝቦች ከነጮች በታች ናቸው ብሎ ጻፈ። ነጮች ከሌሎች ዘሮች ጋር እንዳይጋቡ ፈለገ። ጕድለት ይዘው የሚወለዱ ሕፃናትም እንዳይቀሩ እስከ መፈለግ ደረሰ። ከ1920 እስከ 1926 ድረስም የሰውን ዘር በመምረጥ ማሻሻል ይቻላል የሚለው የፈረንሳይ ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበረ።

እኛ የሶማሌ፣ የአማራ፣ የኦሮሞ ልጆች በአንድ ክፍል ተቀምጠን ይህን ስናነብ ምን እንበል? ስለ እኛ የጻፈውን አይተን ሥራውን በሙሉ መጣል ይቻል ይሆናል። ወይም ኖቤሉን ብቻ አይተን ሌላውን መደበቅ ይቻላል። ሁለቱም ትክክል አይመስለኝም። በውሻው በኔፕቱን ፊት ቆሞ የጠበቀውን ትቶ ያየውን የተቀበለው ሰው፣ በጥቁር ሰው ፊት ግን ሳያይና ሳይፈትን የጠበቀውን ብቻ ይዞ ቀረ። የወደቀው ሳይንስን ስለ ተከተለ ሳይሆን ሳይንስን ስለ ተወ ነው። ደግሞም ልብ እንበል። በእርሱ ትምህርት ቢሄድ ኖሮ፣ ወተት ስትቀምስ የምትታፈን ሕፃን ከደካሞቹ ልትቈጠር በቻለች ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለችው ሕፃን በሕይወት የምትኖረው በእርሱ ግኝት ነው። ግኝቱም ነጭና ጥቁር አይለይም፤ በፓሪስ የሚታፈነው ጉሮሮና በሐርተሼክ የሚታፈነው ጉሮሮ የሚድኑት በአንድ መድኀኒት ነው። የገዛ ሥራው በገዛ አስተያየቱ ላይ መሰከረበት።

ሻርል ሪሼ ዲሴምበር 4 ቀን 1935 በፓሪስ ሞተ። ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን ከወረረች ከሁለት ወር በኋላ፣ ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት በጐራሄ ቆስለው ከሞቱ ከጥቂት ሳምንት በኋላ መሆኑ ነው። የዘር ትዕቢት በመጽሐፍ ተጽፎ እንደማይቀር፣ መድፍና የመርዝ ጋዝ ይዞ እንደሚመጣ ሕዝባችን በዚያ ጊዜ አየ። የሪሼ ቤተ ሰብም ከዚህ አላመለጠም። በስሙ የሚጠራውና እንደ እርሱ ሐኪም የነበረው ልጁ የጀርመንን ናዚዎች ስለ ተቃወመ በ1944 ቡኽንቫልድ ወደሚባለው የእስረኞች ካምፕ ተወሰደ። ዘርን ከዘር የሚያበላልጠው ትምህርት እስከ መጨረሻው የተፈጸመበት ቦታ ያ ነው። ልጁ ግን በካምፑ ውስጥ እስረኞችን እያከመ ቆይቶ በሕይወት ተመልሶአል።

ሪሼ በሽታውን አሳየ እንጂ መድኀኒቱን አላገኘም። መድኀኒቱ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። እርሱ በመርከብ በተጓዘበት በዚያው በ1901 ጃፓናዊው ጆኪቺ ታካሚኔ በአሜሪካ አገር አድሬናሊን የተባለውን ነገር ከእንስሳ ዕጢ ንጹሕ አድርጎ ማውጣቱን አሳወቀ። አድሬናሊን በኩላሊታችን ላይ ያሉት ዕጢዎች ስንደነግጥ የሚያፈልቁት ነው። በ1966 ደግሞ ኪሚሺጌና ቴሩኮ ኢሺዛካ የተባሉ ጃፓናውያን ባልና ሚስት፣ በደም ውስጥ ያለውን የአለርጂ ምክንያት ለይተው አገኙት። ዛሬ አይጂኢ ይባላል። የሪሼ ሦስት ሳምንት ምን እንደ ነበረ በዚህ ተገለጸ። አካል ወተትን ወይም ለውዝን በስሕተት ጠላት ነው ብሎ ሲያስብ፣ አይጂኢ የተባሉ ዘበኞችን ያሠለጥናል፤ እነርሱም በቆዳ፣ በሳንባና በአንጀት ውስጥ ባሉ ሕዋሳት ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ያ ምግብ ሁለተኛ ሲመጣ ሕዋሳቱ ሂስታሚንና ሌሎች ነገሮችን በአንድ ጊዜ ያፈስሳሉ። የደም ሥር ይላላል፤ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ፊትና ምላስ ያብጣሉ፤ የትንፋሽ መንገድ ይጠብባል። አድሬናሊን ይህን ሁሉ ይገለብጠዋል። የላላውን የደም ሥር ያጠብቃል፤ የጠበበውን የትንፋሽ መንገድ ይከፍታል፤ ልብንም ያበረታል።

በብዙ ሐኪም ቤት አድሬናሊን የሚገኘው በትንሽ ብልቃጥ ሆኖ ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 1 ሚሊ ግራም አለ። የዓለም የጤና ድርጅትም ሊታጡ ከማይገባቸው መድኀኒቶች ጋር መዝግቦታል። በኋላ ሼልደን ካፕላን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ ለወታደሮች ከመርዝ ጋዝ መከላከያ ተብሎ የተሠራውን መርፌ መሠረት አድርጎ፣ እንደ እስክሪብቶ በኪስ የሚያዝና ማንም ሰው ራሱን ሊወጋበት የሚችል መሣሪያ እንዲሠራ ረዳ። ይህ መሣሪያ በ1987 በአሜሪካ መንግሥት ተፈቀደ። ኤፒፔን የሚባለው ነው፤ ለአዋቂ በአንድ ጊዜ 0.3 ሚሊ ግራም ይሰጣል።

አሁን ነገሩን ወደ ቤታችን እናምጣው። አደገኛ አለርጂ ከሚያመጡት ምግቦች ዋነኞቹ ወተት፣ እንቍላል፣ ለውዝ፣ ዓሣ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተርና ሰሊጥ ናቸው። በአገራችን ሽምብራና ምስርም አይዘነጉም። በእኛ በኩል ላሖሕ በሰሊጥ ዘይት ይበላል፤ ሻይ በወተት ይፈላል፤ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቀርብለት ወተት ነው። ወተት ያልጠጣ እንግዳ ቤቱን የናቀ ይመስላል። በደገኛው ቤት ደግሞ ሽሮው ከምን ከምን እንደ ተፈጨ ከባለቤቷ በቀር የሚያውቅ የለም። ለተጎዱ ሕፃናት በከረጢት የሚታደለው ምግብም ከለውዝና ከወተት ዱቄት የተሠራ ነው። ብዙ ሕፃናትን ከሞት አድኖአል፤ ነገር ግን ለውዝ የማይስማማው ልጅ ያለው ወላጅ አስቀድሞ ለጤና ሠራተኛው መናገር አለበት። የላም ወተት የማይስማማቸው አንዳንድ ልጆች የግመል ወተት እንደሚችሉ ታውቆአል፤ የግመል ወተት በላም ወተት ያለው አንዱ ፕሮቲን ስለሌለው ነው። ቢሆንም ይህን በቤት መሞከር አይገባም፤ ሐኪም ባለበት ነው።

እንግዲህ በዚህ ሕመም የተያዘች አንዲት ተማሪ በክፍላችን ብትኖር ኑሮዋ ምን እንደሚመስል እናስብ። ሠርግ ስትጠራ ምግቡን ለባለ ሠርጉ ጠይቃ ትበላለች፤ አለዚያም ቤቷ በልታ ትሄዳለች። ጓደኛዋ ቁርሷን ስታካፍላት እጇን ትመልሳለች፤ ይህንም ኩራት ነው የሚሉ አይጠፉም። አክስቷ ጥቂት ብትቀምስ ምን ትሆናለች ብላ በፍቅር ታስገድዳታለች። ሌላው ደግሞ ዓይን በልቷት ነው ይላል። እርሷ ግን በቦርሳዋ ውስጥ መድኀኒቷን ይዛ፣ ጊዜው እንዳያልፍበት እየተቈጣጠረች፣ ብርሃንና ሙቀት እንዳያበላሸው በቀትር መኪና ውስጥ ሳትተወው ትኖራለች። ይህ ፍርሃት አይደለም። ለሰውነቷ ዘበኛ መሆን ነው፤ የሰውነቷ የገዛ ዘበኞች ተሳስተዋልና።

በአጠገቧ ያለን እኛም ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ። የተከለከለ ምግብ ከነካች በኋላ ቆዳዋ በብዛት ቢያብጥና ቢያሳክካት፣ ከዚህም ጋር ብታስታውክ፣ ድምፅዋ ቢለወጥ፣ ትንፋሽ ቢያጥራት ወይም ብትዝል ጊዜ መጠበቅ የለብንም። አድሬናሊኑ በጭኗ ውጭኛ ጎን መካከል ላይ ይወጋል። ከዚያ በጀርባዋ ተኝታ እግሮቿ ከፍ ይበሉ፤ ትንፋሽ ከቸገራት ተቀምጣ ትቆይ፤ በድንገት ግን አትነሣ። ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻላት፣ ሁለተኛ መርፌ ካለ ይደገማል። ተሽሎኛል ብትልም ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለባት፤ ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ይችላልና። ወተት አጠጥቶ መርዙን ማርከስ፣ ውሃ መርጨት፣ ማስተኛትና መጠበቅ ጊዜ ማጥፋት ብቻ ነው። ኔፕቱን የሞተው በ25 ደቂቃ መሆኑን አንርሳ። ከሐርተሼክ ተነሥቶ ጅጅጋ ሐኪም ቤት ለመድረስ የሚፈጀውን ጊዜ ደግሞ ሁላችን እናውቃለን። መድኀኒቱ በሐኪም ቤት ብቻ ሳይሆን በታማሚዋ እጅ መገኘት ያለበት ስለዚህ ነው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ብለው አባቶች የተናገሩት ለዚህ ዐይነቱ ነገር ጭምር ነው።

ሻርል ሪሼ ትልቅ ነገር አይቶ ትልቅ ነገር የሳተ ሰው ነበር። ያየውን እንውሰድ፤ የሳተውንም እናስታውስ። ከእርሱ የምንማረው ዋና ነገር የሚመስለኝ ይህ ነው። አንድ ሰው ይህ ምግብ አይስማማኝም ሲል፣ ልማዳችንንና ግምታችንን ከማስቀደም ይልቅ የሚነግረንን እንስማ፤ ያየነውንም እንመን። መምህራን ይህን ለተማሪዎች ቢያስረዱ፣ ወላጆችም ለጎረቤት ቢናገሩ፣ እኛ ጓደኛሞች ደግሞ አልበላም የሚለውን ሳናስገድድ መድኀኒቱ በየትኛው ኪስ እንዳለ ብናውቅ፣ አንድ ቀን የአንድ ሰው ሕይወት በእጃችን ሊተርፍ ይችላል።